አባቴና የአል አይን ሳሉኪዎች

አባቴ አል አይን ውስጥ ሁለት ኑሮ ነበረው። ከንጋት እስከ ቀትር ያለው የደመወዙ ነው፤ በአንድ የወተት ላም እርባታ ተቀጥሮ ላም ያክማል፣ ጥጃ ያዋልዳል፣ ክትባት ይወጋል። ከአሱር ሶላት በኋላ ያለው ግን የራሱ ነበር፤ እሱን የሰጠው ለአዳኝ ውሾቹ ነው። ስለ ዓረብ አገር ስደት በአማርኛ የተጻፈውን ሳነብ የመጀመሪያውን ኑሮ አገኘዋለሁ። ድካሙ፣ ናፍቆቱ፣ ሐዋላው ሁሉ ተጽፏል። ሁለተኛውን ግን አጣዋለሁ። እኔ ያደግሁት በዚያ በሁለተኛው ውስጥ ስለሆነ፣ የማወራውም ስለ እሱ ነው።

ውሾቹ ሳሉኪዎች ነበሩ። ሳሉኪ ዓረቦች ከጥንት ጀምሮ ለአደን ሲያሳድጉት የኖሩት ዘር ነው፤ እግሩ ረጅም፣ ደረቱ ጥልቅ፣ ወገቡ ጠባብ። ጎድኑ ከቆዳው ሥር ስለሚቆጠር ለማያውቀው የተራበ ይመስላል፤ አባዬ ግን ጎድኑ የማይታይ ሳሉኪ ካየ ባለቤቱን ይወቅስ ነበር። የሚያድነው ከአፍንጫው ይልቅ በዓይኑ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ከሩቅ ያይና በሰዓት እስከ 65 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይከተለዋል። በአጭር ርቀት የእንግሊዙ ግሬይሃውንድ ይቀድመዋል፤ መንገዱ ሲረዝምና አሸዋው ሲከብድ ግን ሳሉኪን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። መልኩ ሁለት ዓይነት ነው። ጸጉሩ ሁለንተናው አጭር የሆነውን ሑስ ይሉታል፤ ከጆሮውና ከጅራቱ ረዘም ያለ ለስላሳ ጸጉር የሚወርደውን ደግሞ አርያሽ።

ይህን ውሻ ያወደሱት ብዙ ናቸው። ከ1,200 ዓመት በፊት ባግዳድ የኖረው ባለቅኔ አቡ ኑዋስ ስለ አዳኝ ውሾች ግጥም ጽፏል። እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ አምኸርስት በ1895 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሳሉኪዎች ወደ አገሯ አስገብታ ማርባት ጀመረች፤ የእንግሊዝ የውሻ ማኅበርም በ1923 ዘሩን በመዝገቡ አሰፈረ። የአል አይን ሽማግሎች መዝገብ ግን በቃላቸው ነበር። የአንዲትን ውሻ እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ከየትኛው ቤት ወደ የትኛው ቤት እንደሄደች ሳይሳሳቱ ይዘረዝራሉ። አባዬን ይህ አላስገረመውም። ንጉሥ ሚካኤልን በፈረሳቸው ስም «አባ ሻንቆ» እያለ ከሚጠራ አገር ነው የሄደው። እንስሳ የአንድ ቤት ክብር ሊሆን እንደሚችል ከወሎ ይዞት የመጣው እውቀት ነበር።

የእንስሳት ጤና የተማረው ደብረ ዘይት ነው። በደርግ ዘመን ካርቱም ወረደ፤ ከካርቱም በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ባሕረ ሰላጤው ተሻገረ። እማዬ ኋላ ተከተለችው፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ የተወለድነው እዚያው አል አይን ነው። ከተማዋ ከአቡ ዳቢ በስተ ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከኦማን ድንበር ጋር ተያይዛ ትገኛለች። ባሕር የላትም። ያላት የተምር ዛፍ ጫካ፣ ውኃውን ከምድር ሥር እየሳቡ የሚያመጡ ፈለጅ የተባሉ ጥንታዊ ቦዮች፣ ከደቡብ በኩል ደግሞ የሐፊት ተራራ ነው። ተራራ የሚታይበት ከተማ ማግኘቱን አባዬ እንደ ትልቅ ዕድል ይቆጥረው ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ ሜዳ ብቻ ሲያይ አይረጋጋም።

ሳሉኪ ወደ ግቢያችን የገባው በአንድ ሽማግሌ ጎረቤት ምክንያት ነው። እኛ ልጆች «ያ ዐሚ» (አጎቴ ሆይ) እያልን እንጠራቸው ነበር። አንድ ቀን ውሻቸውን ሽቦ ጭኑ ላይ ቀደደውና አባዬን አስጠሩት። ቁስሉ መሰፋት ነበረበት። ማደንዘዣ ላይ ሲደርስ አባዬ እጁን ሰበሰበ። የሳሉኪ ሰውነት ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጉበቱም አንዳንዱን ማደንዘዣ ቶሎ አያጣራም። ባርቢቹሬት ከሚባሉት መድኃኒቶች ለሌላ ውሻ የሚበቃው መጠን ሳሉኪን ለብዙ ሰዓት ሊያስተኛው፣ ሊገድለውም ይችላል። አባዬ ይህን ከመጽሐፍ ያውቅ ነበር። የቁስሉን ዙሪያ ብቻ አደነዘዘና፣ ሽማግሌው የውሻውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው እያባበሉት ሰፋው።

ውሻው ዳነ። አባዬ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ከወራት በኋላ ሽማግሌው ጡት የተወች፣ የአሸዋ መልክ ያላት ቡችላ በካንዱራቸው፣ በረጅሙ ቀሚሳቸው፣ እጥፋት ይዘው መጡ፤ የዚያው ውሻ ልጅ ናት። በዚያ አገር የቆየ ልማድ መልካም ሳሉኪ በስጦታ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ ለገበያ አይቀርብም። የሚሰጠውም ለታመነ ሰው ነው። ስሟን ሪም አሏት፤ በዚያ በረሃ የምትገኘው ነጣ ያለች የሜዳ ፍየል ስም ነው። አባዬ እሷን ተቀብሎ ወደ ግቢ ሲገባ የነበረው ፊት እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ ብዙ ነገር ተከፍሎታል፤ እንዲህ ያለ አደራ የሰጠው ግን አልነበረም።

ከባዱ ነገር እማዬ ነበረች። በእናቴ አገር ውሻ ደጅ ይጠብቃል፤ ምንጣፍ አይረግጥም። የተማረችውም በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ፈለግ) ነው። በዚያ መሠረት ውሻ ምላሱን ያገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። የአቡ ዳቢ ሰዎች ግን የሚከተሉት ማሊኪን ነው፤ በማሊኪ ሊቃውንት ዘንድ ውሻ በሕይወት እስካለ ድረስ ገላው ንጹሕ ነው። የሽማግሌው ባለቤት ከእማዬ ጋር ቡና እየጠጡ ይህን ደጋግመው አስረዷት። የቁርኣኑ ሱረቱል ማኢዳ የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘውን መብላት እንደፈቀደ፣ የበረሃ ሰዎችም ሌላውን ውሻ ከድንኳን ሲያርቁ ሳሉኪን አጠገባቸው እንደሚያስተኙ ነገሯት። እማዬ በአክብሮት ሰማች፤ መዝሀቧን ግን አልለወጠችም። «ግቢው የአባታችሁ ነው፣ ቤቱ የኔ ነው» ብላ ወሰን አበጀች፤ ወሰኑም እስከ መጨረሻው ተከበረ።

ነገር ግን የበረሃ ክረምት ሌሊቱ ይቆረጥማል፤ ስብ የሌለው እንስሳ ደግሞ ብርድ አይችልም። በመጀመሪያው ታኅሣሥ እማዬ ማንም ሳይጠይቃት አሮጌ ጋቢ ቆርጣ ለሪም ልብስ ሰፋች፤ ሆዷ ሥር የሚታሰር ቁልፍም አበጀችለት። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሊያዩት መጡ። ከዚያ በኋላ ከቤታችን የወጣ ቡችላ ሁሉ የሐበሻ ጥጥ ለብሶ ነው የወጣው። ሒናውንም የምትበጠብጠው እሷ ነበረች። የሳሉኪን መዳፍ ሒና መቀባት የባሕረ ሰላጤው ሰዎች ልማድ ነው፤ ቆዳው በትኩስ አሸዋና በድንጋይ እንዳይሰነጠቅ ያጠነክራል ይላሉ። እማዬ ልጅ ሳለች ለበዓል እጇን እንሶስላ ትሞቅ ስለነበር፣ ውፍረቱንም የሚቆይበትንም ሰዓት ማንም አላሳያትም። ጓንት አጥልቃ አራቱንም እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ትቀባና በጨርቅ ታስርላቸዋለች። ውሾቹ እሷ ስትነካቸው ዝም ይሉ ነበር።

የኔና የወንድሜ ሥራ ተምር መፈልፈል ነበር። ፍሬው ወጥቶለት በግመል ወተት የራሰ ተምር የሳሉኪ የቆየ ምግብ ነው፤ ሥጋ ሲገኝ ይጨመርበታል። ከሩጫ በፊት ጥቂት፣ ከሩጫ በኋላ ዘግየት ብሎ ዋናው ይሰጣል። ሩጫው የሚካሄደው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። በሐምሌ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ያልፋል፤ ረፍዶ የወጣ ውሻ በግማሽ ሰዓት ሊሞት ይችላል። ትምህርት በሌለ ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ አባዬ ፒክአፑን አስነስቶ ከከተማው ወጣ ወዳለው ቀይ የአሸዋ ኮረብታ ይወስደናል። ውሾቹን ይለቃቸዋል፤ እኛ ኮረብታው ላይ ተቀምጠን እናያለን። ሳሉኪ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ አራቱም እግሩ ከመሬት የሚለቅበት ቅጽበት አለ። አባዬ ያንን ቅጽበት በጣቱ እያሳየ «እዩ፣ አሁን!» ይለን ነበር።

ከሩጫ በኋላ ምርመራ ነው። ሥራው የልጆች ጨዋታ እንዳይመስለን አባዬ እያንዳንዱን ነገር በስሙ አስተምሮናል። በጣቶች መካከል እሾህ ወይም ጠጠር መኖሩን ማየት፣ ጆሮ ውስጥ መዥገር መፈለግ፣ ድድ ተጭኖ ደሙ ቶሎ መመለሱን ማስተዋል፣ ጭን ላይ እጅ አሳርፎ ትኩሳት ያለው ጡንቻ መለየት። ሪም ስትወልድ ከ60 ቀን በላይ የቆየውን እርግዝና በቀን መቁጠሪያ ላይ እያሰመርኩ የተከተልኩት እኔ ነኝ። አባዬ ሌሊቱን አጠገቧ ተቀምጦ አደረ። ቡችሎቹን አንድ በአንድ አድርቆ ሲሰጠኝ ፋኖስ የሚይዝ ሰው እንደሚያስፈልገው ነገረኝ እንጂ ተኚ አላለኝም። ልጅን በሥራ ማመን የሱ የፍቅር መግለጫ ነበር።

ሽማግሌው ደግሞ ከመጽሐፍ የማይገኘውን አስተማሩት። ቡችላ ለአደን ይሁን አይሁን ሲመርጡ የዳሌ አጥንቶቹ መሐል አራት ጣታቸውን ያስገባሉ፤ ሰፋ ካለ ኋላ እግሩ ጉልበት አለው ማለት ነው። የደረቱን ጥልቀት፣ የኋላ ቁርጭምጭሚቱን ዝቅታ፣ የጅራቱን ርዝመት ያያሉ። ድሮ ቡችላ መጀመሪያ የሚለማመደው በሁለት እግሯ የምትዘለውን የበረሃ አይጥ በማባረር ነበር፤ ከዚያ ጥንቸል፣ በመጨረሻ የሜዳ ፍየል። ለብቻውም አይሠራም። ጭልፊቷ ከሰማይ ታያለች፣ ውሻው የጭልፊቷን በረራ እያየ ይሮጣል፣ እሷ አውሬውን ስታዋክብ እሱ ይደርሳል። ሁለቱ እንዲተዋወቁ ከሕፃንነታቸው አብረው ይመገቡ ነበር። ወደ አደን ሲኬድም ውሻው አሸዋው መዳፉን እንዳያቃጥለው ከሰውየው ጋር ግመል ላይ ይጫናል።

አባዬ ይህ አደን ሲያበቃ ደርሶበታል። ላንድሮቨርና ጠመንጃ ወደ በረሃው ከገቡ በኋላ የሚታደነው እያለቀ ነበር። የዓረቢያ ሳላ በ1972 ከዱር ጨርሶ ጠፋ። አል አይንን ከ1946 ጀምሮ ያስተዳደሩት፣ ራሳቸውም በጭልፊት አደን የታወቁት ሼክ ዛይድ፣ የአቡ ዳቢ ገዢ ከሆኑ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1968 አል አይን ላይ የአራዊት ማቆያ አቋቋሙ። በ1983 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 9 ደግሞ በአገሪቱ ውስጥ አደንን ከለከለ። ሪም ወደ ቤታችን ስትመጣ ሕጉ ወጥቶ ነበር። እሷም፣ ልጆቿም በሕይወታቸው አንድ የሜዳ ፍየል አልያዙም።

ልጅ ሳለሁ ይህ ግራ ይገባኝ ነበር፤ የማያድን አዳኝ ውሻ ለምን እንደሚያስፈልግ አባዬን ጠየቅሁት። የመለሰልኝን በራሱ አባባል ላስቀምጠው፦ «አደኑ ቢቀር ውሻው ምን በደለ? ለብዙ ሺህ ዓመት ሰው እንዲህ አድርጎ ሠራው። እኛ ዘመን ላይ ቢበላሽ ማን ይመልሰዋል?» ሽማግሌውም ሕጉን ይደግፉ ነበር፤ የሜዳ ፍየል ከሌለ የሳሉኪ ወሬም አብሮ እንደሚያልቅ ያውቃሉ። ስለዚህ ውሾቹን በመኪና በሚጎተት የቆዳ ማባበያ ያሮጧቸው ነበር። ዘሩ ንጹሕ፣ ልቡ ጽኑ፣ እግሩ ፈጣን ሆኖ ለሚቀጥለው ሰው እንዲደርስ ያደረጉት ጥረት ጥቅም የሚጠበቅበት አልነበረም። ለኔ ከትምህርት ቤት ሁሉ የበለጠው ትምህርት ይህ ነው፤ የተቀበሉትን ነገር ሳያጎድሉ ማቆየት በራሱ ሙሉ ሥራ እንደሆነ።

ውሾቹ ለአባዬ ያደረጉለትን ያየሁት በመጅሊስ፣ በሽማግሌው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። በኤምሬትስ እንደ እኛ ያለ ሰው የሚኖረው በሥራ ውል ነበር። ልጆቹ እዚያ ቢወለዱም ዜጋ አይሆኑም፤ ውሉ ሲያበቃ መኖሪያ ፈቃዱም ያበቃ ነበር። ሁሉም ሰው የመጣበትን አገርና ሥራ ይዞ ይታያል። አባዬ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌው መጅሊስ ሲገባ በር አጠገብ ነበር የሚቀመጠው፤ እንግዳም ነው፣ ትሑትም ነው። ቡችላ ለምርጫ ሲቀርብ ግን ሽማግሌው «ሐበሺውን ጥሩልኝ» ይሉና አጠገባቸው ያስቀምጡታል። ሰዎቹ ቡና ስኒያቸውን አስቀምጠው እስኪናገር ይጠብቃሉ። የሚናገረው ስለሚያውቀው ነገር ነበር፤ በዚያች ሰዓት የማን ሠራተኛ እንደሆነ የሚያስብ የለም። ወንድሜና እኔ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ይህን እናይ ነበር። አባቱ ሲከበር ያየ ልጅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እኛም እንደዚያ አደግን።

እኔ ትምህርቴን ስጨርስ የአቡ ዳቢ ነገር ጀመረ። በ2001 የዓረቢያ ሳሉኪ ማዕከል ተከፈተ፤ በ1999 ከተቋቋመው የጭልፊት ሆስፒታል ጎን። በቃል ብቻ ይተላለፍ የነበረው ዘር በመዝገብ መያዝ፣ ውሾቹም ሕክምናና ሥልጠና ማግኘት ጀመሩ። በ2003 ዓለም አቀፉ የአደንና የፈረስ ግልቢያ ኤግዚቢሽን ተጀመረ፤ የሳሉኪ የቁንጅና ውድድርም የዝግጅቱ አካል ሆነ። አባዬ በዛፍ በታጠረው የአል አይን መንገድ ከሽማግሌው ልጆች ጋር ውሾቹን ጭኖ ይሄድ ነበር፤ ልክ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ልብሱን አስተኩሶ። ሑሶቹ ለብቻ፣ አርያሾቹ ለብቻ ይቀርባሉ፤ ዳኞቹ የሚያዩት ሽማግሌው በአራት ጣታቸው ይለኩት የነበረውን ነው። ዩኔስኮ በ2010 የጭልፊት አደንን በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲያሰፍር አባዬ ዜናውን በስልክ የነገረኝ የራሱ ቤተሰብ የተሸለመ ያህል ተደስቶ ነው።

በዚያው ሰሞን ነው አል ጃሂሊ ምሽግ አብረን የገባነው። አል አይን መሐል በ1890ዎቹ የተሠራ የጭቃ ጡብ ምሽግ ነው፤ ውስጡ ስለ እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲገር ቋሚ ዐውደ ርእይ አለ። ሰውየው ሩብ አል ኻሊ የተባለውን ታላቅ በረሃ በ1940ዎቹ ሁለት ጊዜ በግመል አቋርጧል፤ በደዊኖቹ ሙባረክ ቢን ለንደን ይሉታል። ሼክ ዛይድን አል አይን፣ ሙዋይጂ ላይ አግኝቷቸው አብሯቸው በጭልፊት አድኗል። አባዬ ፎቶዎቹን እያየ ቆየና የሕይወት ታሪኩ ጋ ሲደርስ ጠራኝ። ቴሲገር በ1910 የተወለደው አዲስ አበባ፣ አባቱ በሚሠሩበት በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል በ1930 ተገኝቶ አይቷል። በ1941 ጣሊያን ሲባረር ደግሞ ወሎ ውስጥ አጅባር ምሽግ የነበረው የጣሊያን ጦር እጅ የሰጠው ለእሱ ነው። አጅባር ለአባዬ የቅርብ ስም ነው፤ ከሽማግሎች ሲሰማው አድጓል። ከኛ ደጋ ተነስቶ እዚህ በረሃ ድረስ የተዘረጋ መንገድ እሱ ከመምጣቱ በፊትም እንደነበረ ማወቁ አስደሰተው። ምሽጉን እስክንወጣ ድረስ ስለ ውሾቹ አላወራም፤ ያወራው ስለ አጅባር ነበር።

ውሉ ሲያበቃ አባዬና እማዬ ወደ ደሴ ተመለሱ። ውሾቹን ሊገዛ የፈለገ ሰው ነበር፤ ከፍ ያለ ዋጋም ጠርቷል። አባዬ አልሸጠም። ሽማግሌው አርፈው ስለነበር የሪምን የልጅ ልጆች ለሽማግሌው የልጅ ልጆች መልሶ ሰጠ፤ እማዬም የመጨረሻዎቹን ልብሶች አጥባና አጥፋ አብራ ሰጠች። የሕክምና ማስታወሻ ደብተሮቹን፣ የየወላዷን ቀን የጻፈባቸውን ጭምር፣ ለእነሱው ተወ። አንድም ሰው ዋጋ አላነሳም። አባዬ ደሴ ገብቶ ጥቂት ዓመት ኖረና አረፈ። ለቅሶ ላይ ከአል አይን የተላከ የድምፅ መልእክት ሰማን፤ የሽማግሌው ልጅ ነው፣ አባቴን የጠራው የቤተሰባችን ወንድም ብሎ ነው።

ይህን የምጽፈው የዓረብ አገር ስደት ለሁሉም እንዲህ ነበር ለማለት አይደለም። በብዙ ቤቶች የደረሰውን በደል አውቃለሁ፤ የሚገባውን ያህል ገና አልተጻፈም። ነገር ግን ወላጆቻችንን በጉልበታቸውና በላኩት ገንዘብ ብቻ ካስታወስናቸው እኛም ራሳችን እናሳንሳቸዋለን። አባቴ በሰው አገር ሠርቷል፤ ከዚያ በላይ ግን ወድዷል፣ ተምሯል፣ አስተምሯል፣ አደራ ተቀብሎ አደራ መልሷል። እዚያ አገር የሰጠችው መታወቂያ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት ነበር፤ በሳሉኪዎቹ በኩል ያገኘው ቦታ ግን እሱ ከሄደም፣ ከሞተም በኋላ አልተነሳበትም። ሰው በእንግድነት ምድር ሥር የሚሰድደው በሚወደው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። በአቡ ዳቢ፣ በጅዳ፣ በቤይሩት፣ በኩዌት ያደጋችሁ ልጆች፣ ወላጆቻችሁ ገና በሕይወት ካሉ ከሥራ ሰዓት ውጭ ምን ይወዱ እንደነበር ጠይቋቸው። አንዷ እናት በረንዳዋ ላይ ጤና አዳም አሳድጋ ይሆናል፤ አንዱ አባት ኳስ አሠልጥኖ፣ አንዱ ክራር ሠርቶ ይሆናል። ጠይቁና ጻፉት፤ ታሪካችን ያለ እሱ ግማሽ ነው።